ቃጭል ያሰረ አይነካም

አንድ ጊዜ፣ ጉም እንደ ባለርስት ተደላድሎ በሚቀመጥበት ደጋ አገር፣ ዳለቻ የሚባል ጎረምሳ አህያ ሥራ ፍለጋ ወጣ። ወዶ አልነበረም። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ስትጫን ጀርባዋ ገጣባ ሆኗል፤ አንዱ ቁስል ሳይደርቅ ሌላ ጭነት ይመጣል። ይህን ክረምት ካላረፈች ቁስሉ አጥንቷ ድረስ ይዘልቃል። ዳለቻ «እኔ ልጫንልሽ» ሲላት፣ «ጨው ጀርባ ይበላል፤ አንተ ሌላ ሥራ ፈልግ» ትለዋለች።

ሌላ ሥራ ደግሞ እንደ ወሬው አይደለም። መጀመሪያ አውድማ ሄዶ በሬውን ጠየቀ።

«ስንት ምርት አበራይተሃል?» አለው በሬው እያመነዠከ።

«ገና ልጀምር ነው ጋሼ።»

«እኛ የምንፈልገው ልምድ ያለው ነው።»

«ካልቀጠራችሁኝ ልምዱን ከየት ላምጣ?»

በሬው ይህን አስቦበት አያውቅም። ትንሽ አመነዠከና «ቀጣይ» አለ። ከዳለቻ ኋላ ግን ማንም አልነበረም።

ጭነት የምታሰማራው በቅሎ ጋ ሲሄድ ደግሞ «ዋስ አለህ?» አለችው። የእናቱን ስም ጠራ። «ገጣባ ዋስ አንቀበልም» ብላ ፊቷን አዞረች።

ሲመለስ ቀበሮን መንገድ ዳር ቋጥኝ ላይ ተጋድሞ አገኘው። ቀበሮ ደላላ ነው፤ የማያገናኘው ነገር የለም።

«በሬው ልምድ አለህ ወይ አለህ?»

«አዎ።»

«በቅሎዋስ? ዋስ አምጣ?»

«ማን ነገረህ?»

«ፊትህ። ስማኝ ዳለቻ፣ እኔ ጋ ሥራ አለ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«መቆም።»

«መቆም ብቻ?»

«ከዚህ በፊት ቆመህ አታውቅም?»

«ቆሜማ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ልምድ አለህ።» ቀበሮ ተነስቶ አቧራውን አራገፈ። «ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ትልቅ የጽድ ዛፍ ሥር ትቆማለህ፤ አንገትህ ላይ ቃጭል ይታሰራል፤ ታቃጭላለህ። ጉም ውስጥ መንገድ የጠፋው ሁሉ ድምፁን ተከትሎ ይመጣል። ጽድቅም ነው፣ ገብስም ነው። ጨረቃ ስትሞላ አንድ ስልቻ ገብስ ታገኛለህ። ዋስህ ደግሞ እኔ።»

«ለድካምህ ከኔ ምን ትወስዳለህ?»

«ካንተ? ምንም። እኔ የምቀበለው ካሰሪው ነው።»

እናቱ ወሬውን ስትሰማ ጆሮዋን አላነሳችም። «ደሞዙን ነገርከኝ» አለች። «ካንተ በፊት እዚያ የቆመው የት እንደገባ ግን አልነገርከኝም። እሱን ጠይቅ።»

በማግስቱ ጽዱ ሥር ሲደርስ ጠየቀ።

«ካንተ በፊት አንድ ጥቁር በቅሎ ነበረ» አለ ቀበሮ። «እድገት አገኘ።»

«ወዴት?»

«ወደ ውስጥ።» በአፍንጫው ወደ ገደሉ የሚወርደውን ጠባብ መንገድ አመለከተ። መንገዱ ትንሽ ይታይና ጉሙ ይበላዋል። ቀበሮ ራሱ አንድ እርምጃ እንኳ ወደዚያ አልተጠጋም።

መልሱ ዳለቻን አልጣመውም። ግን የእናቱ ጀርባ ትዝ አለውና አንገቱን ሰጠ። ጠፍሩ እርጥብ ነበር። ከውስጥ በኩል ፀጉር ተጣብቆበታል፦ ጥቁር የበቅሎ፣ ነጭ የፍየል፣ ቀይ የጥጃ።

ሥራው እውነትም መቆም ነበር። ቃጭሉን ሲነቀንቅ ድምፁ ይሄዳል እንጂ ከየትም ተጋጭቶ አይመለስም። የገዛ እግሩ ከጉልበት በታች አይታየውም። አሰሪውን አላየም፤ ጠዋት ሲመጣ ግን ድርቆሽ ተቀምጦ ያገኛል። ድርቆሹ ዙሪያ የሆነ ነገር ይሸታል፤ ምን እንደሆነ ላለማወቅ ቶሎ ይበላዋል።

መጀመሪያ የመጣው በግ ነው። ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«እግዜር ይስጥህ ወንድሜ» አለው። «ቃጭልህ ባይኖር ገደል ገብቼ ነበር።»

ከጽዱ ሥር የሚታየው መንገድ እሱ ብቻ ነውና፣ ጠባቡን መንገድ ይዞ ወረደ። ዳለቻ ኮቴውን አዳመጠ። የሚርቅ ኮቴ እየሳሳ፣ እየሳሳ ነው የሚጠፋው። የበጉ ግን አልሳሳም። ተቆረጠ።

«ሣር አግኝቶ ቆሞ ይሆናል» አለ ዳለቻ ለራሱ።

ሌላ ቀን ፍየል ከነልጇ ወረደች። የእሷ ኮቴ ተቆረጠ። ጥቂት ቆይቶ የትንሿም። «ብዙ ሣር አለ ማለት ነው» አለ ዳለቻ፤ ድምፁ ግን የራሱ አልመስለው አለ።

ጨረቃ የምትሞላበት ቀን ደረሰ። ረፋድ ላይ፣ ከጠባቡ መንገድ ያ ሽታ ቀድሞ ወጣ፤ ከኋላው ወፍራም ድምፅ ተከተለ።

«ጎበዝ ሠራተኛ።»

ዳለቻ ድምፁን አወቀው። አህያ ሆኖ ያንን ድምፅ የማያውቅ የለም።

«አያ ጅቦ… አሰሪዬ እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን መሰለህ? አትፍራ። ጉም ውስጥ ዓይኔ አይሠራም፤ በጆሮዬ ነው የምሠራው። ቃጭል ያሰረ አይነካም፤ ቃጭል የሌለው ምሳ ነው። ሕጉን ያስጠናኝ ቀበሮ ነው። ሕግ ጥሩ ነገር ነው፤ ከማሰብ ያሳርፋል።»

«ደሞዜስ?»

«ዛሬ አይደል? ቃጭሉን አውልቀህ ጽዱ ላይ ትሰቅልና ወደ ውስጥ ትወርዳለህ። በቅሎውም እንደዚያው ነው ያደረገው። ሲበላ ቃጭሉ… ሲከፈለው ማለቴ ነው፣ ይረብሻል።» ጅቦ ምራቁን ዋጠ። «አንገትህ ወፍሯል። ሥራው ተስማምቶሃል።»

ሽታው ተመልሶ ወረደ። የበጉ ምስጋና ዳለቻ ጆሮ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልወጣም።

ልሩጥ ብሎ እግሩን ሲያነሳ ሌላ ኮቴ ሰማ። ሦስቱ ይረግጣሉ፣ አንዱ ይጎተታል። ከተወለደ ጀምሮ ሲከተለው የኖረ ኮቴ ነው። እናቱ የደሞዝ ቀን መሆኑን አስታውሳ፣ የገብሱን ስልቻ ልትሸከምለት መጥታለች። ጉም ውስጥ ናት፤ የምትከተለው የልጇን ቃጭል ነው።

ዝም ቢል እሱ ምሳ ነው። ቆሞ ቢያቃጭል እናቱን ለጅብ ይጠራል። ስለዚህ ጽዱን ትቶ፣ እያቃጨለ እሱው ወደ እሷ ሄደ። ትንፋሿ ሲደርሰው ጆሮዋ ሥር አፉን አስጠግቶ፣

«እማ፣ ዝም በይ። ከጎኔ እንዳትላቀቂ» አላት።

ጎን ለጎን ተጣብቀው በአንድ ቃጭል ሥር መራመድ ጀመሩ። ብዙም ሳይሄዱ ሽታው ከኋላ ደረሰባቸው።

«ዳለቻ፣ ቃጭሌ ወዴት እየሄደ ነው?»

«ቀበሮን ልጠራ ነው አያ ጅቦ። ዋሴ በሌለበት እንዴት ደሞዝ እቀበላለሁ?»

ጅቦ አሰበ፤ ማሰቡ ያቃስተው ነበር። «እውነት ነው። ሕግ ሕግ ነው። ግን ኮቴህ በዛብኝ።»

«ደሞዝ ደርሶልኝ እየጨፈርኩ ነው።»

«ሠራተኛ ደስ ሲለው ጥሩ ነው።» ትኩስ ትንፋሽ በእናቱ ጀርባ ላይ አለፈ። ዳለቻ የእሷ ቆዳ ሲርገበገብ በራሱ ቆዳ ተሰማው። «ቁስልም ይሸተኛል» አለ ጅቦ፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ።

«ጠፍሩ አንገቴን ልጦኝ ነው።»

ጅቦ አፉን ከፈተ። ያን ጊዜ ከፊታቸው ቀበሮ ብቅ አለ፤ ድርሻውን ሊቀበል ጢሙን ልሶ መምጣቱ ነው።

«አንተ! ወዴት ነው? እኔ እኮ ዋስህ ነኝ!» ከዚያ እናቱን አያት። «አያ ጅቦ፣ ሁለት ናቸው! እያታለለህ ነው፣ ሁለት ናቸው!»

ጅቦ ቆመ። «ማነው የሚናገረው? ቃጭል አልሰማም።»

«እኔ ነኛ፣ ቀበሮ።»

«ቃጭልህስ?»

«እኔ ምን ቃጭል አለኝ? ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ሕጉማ ጥሩ ነው» አለ ጅቦ፣ ወደ ድምፁ እየዞረ። «ቃጭል የሌለው…»

«ቆይ፣ ቆይ አያ ጅቦ። እኔ ዋሱ ነኝ አልኩህ።»

«ዋሱ ነህ?» ጅቦ ደስ አለው፤ ነገሩ ሁሉ ገጠመለት። «ሠራተኛው ከሄደ ዋሱ ይገባላ።»

ዳለቻና እናቱ ወደ ኋላ አልዞሩም። ቀላል ኮቴ በፍጥነት ሲሮጥ ሰሙ። ኮቴው አልሳሳም። ተቆረጠ።

ከጉሙ ሲወጡ እናቱ ጠፍሩን በጥርሷ በጥሳ ቃጭሉን ወደ ገደል ጣለችው። እያቃጨለ ወረደ፤ መሬት ሲነካ ግን አልሰሙም። ዛሬም በዚያ አገር ጉም ሲወርድ ከሥር የሆነ ነገር ያቃጭላል ይባላል፤ የሰማ ወደ ሌላ በኩል ይሄዳል።

ዳለቻ በዚያ ክረምት የእናቱን ጨው ተጫነ። እሷም አልከለከለችውም። ጨው ከባድ ነው፤ ጀርባ ይልጣል። ግን ከየት ተነስቶ የት እንደሚራገፍ ያውቃል። ከሱ በፊት ማን ይሸከመው እንደነበረም ያውቃል፤ ማታ ሲገባ ደጅ ተኝታ፣ ጀርባዋ ፀጉር እያበቀለ፣ ትጠብቀዋለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ሥራ ስናገኝ ደሞዙ ስንት ነው ከማለታችን በፊት ከእኛ በፊት እዚያ የቆመው የት እንደገባ መጠየቅ እንዳለብን፣ የሚሰጠን መልስ ጉም ከሆነ ደግሞ አንገታችንን ሳንሰጥ መመለስ እንደሚሻለን ነው።