የሦስቱ አሻጋሪዎችና የአንዲት ደብዳቤ ነገር

ብዙም ባልራቀ በአንድ ወቅት፣ በሦስት ከተሞች የሚኖሩ ሦስት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ታላቂቱ አጸደ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ መካከለኛው ሽመክት የፊዚክስ መምህር፣ ታናሹ ናሁሠናይ የሬዲዮና የስልክ ጠጋኝ ነበሩ። በሦስቱም ቤት ሌት ተቀን የማይጠፋ አንዳንድ ኮምፒውተር ነበር። ማንም አልቀጠራቸውም፤ የማያውቁትን ሰው መልእክት ለማያውቁት ሰው የሚያሻግሩ ፈቃደኞች ነበሩ።

በኢንተርኔት የሚላክ ነገር የላኪውን አድራሻ ይዞ ይሄዳል። እንዳይታወቅ የሚፈልግ ሰው ግን መልእክቱን በሦስት አሻጋሪዎች በኩል ማሳለፍ ይችላል። የመጀመሪያው ከየት ቤት እንደተነሣ ያያል፤ የት እንደሚደርስ አያውቅም። የመጨረሻው የት እንደሚደርስ ያያል፤ ከየት እንደተነሣ አያውቅም። የመካከለኛው ከአሻጋሪ ተቀብሎ ለአሻጋሪ ይሰጣል እንጂ ላኪውንም ተቀባዩንም አያውቅም። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ አሻጋሪዎች በሺህ ይቆጠራሉ፤ ለእያንዳንዱ መልእክት ሦስቱን የሚመርጠው ዕጣ ነው።

«ለመሆኑ ምን አገባችሁ?» ለሚላቸው አጸደ ስትመልስ፣ «ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ዋና የማይችለውን ያሻግራል፤ ወዴት ነህ ብሎ አይመረምርም» ትል ነበር።

አሻጋሪዎች ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ ማን መጣ ማን ሄደ ብሎ መዝገብ አለመያዝ ነው። ሁለተኛው፣ ቤተሰብ የሆኑ አሻጋሪዎች እያንዳንዳቸው የሌሎቹን ስም «ቤተሰቤ ነው» ብለው መጻፍ አለባቸው። ሁሉም ከጻፉ አንድ መልእክት በሁለት ዘመዳሞች እጅ አያልፍም። አንዱ ካልጻፈ ግን የሌሎቹ መጻፍ ዋጋ የለውም።

ሁለቱም ሕጎች በአንድ ወር ውስጥ ተጣሱ። ናሁሠናይ ለሽመክት ሠርግ ሚዜ ሆኖ ሲያበቃ ለመልሱ ሳይመጣ ቀረ። ሽመክት አኮረፈና ስሙን ከቤተሰብ ዝርዝሩ ሰረዘው።

«ስሙን መልሰህ ጻፈው እንጂ፤ አንድ መስመር እኮ ናት» አለችው አጸደ በስልክ።

«ወንድሜ ነው ብዬ አልጽፍለትም!»

«ታዲያ ምንህ ነው?»

«መልሴ ላይ ሲመጣ እነግርሻለሁ።»

«መልስህ እኮ አልፏል፣ አንተ ሰውዬ።»

«እንግዲያው አልፎበታል።»

በዚሁ ወር መስመሩ ያለ ምክንያት ይጨናነቅ ጀመር። ብልሽቱን ለማግኘት አጸደ ራሷ፣ «ለአንድ ሳምንት ብቻ መዝገብ እንያዝ፤ ከዚያ እናጠፋዋለን» አለች። ወንድሞቿም እሺ አሉ። በዚያ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዕጣ አንዲትን ደብዳቤ በአጸደ አስገብቶ፣ በሽመክት አሳልፎ፣ በናሁሠናይ በኩል አወጣት።

ደብዳቤዋን የጻፍኳት እኔ ነኝ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል።

በአንድ ሆስፒታል የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። የደም መመርመሪያው ካለቀ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ደሙ ግን ለወላድ እናቶች መሰጠቱን አላቆመም። በየከረጢቱ ላይ «ተመርምሯል» የሚል ማኅተም ይመታል። የመታሁባቸው ቀኖች አሉ፤ እሱንም አልደብቅም። አንድ ቀን ደፍሬ ለአስተዳዳሪው ብነግረው፣ «አንቺ ደግሞ! እናቶቹ ደም አጥተው ይሙቱ ነው የምትይው?» አለኝ በሰው ፊት። እኔ በሰው ፊት ሲቆጡኝ አንደበቴ ይታሰራል። ቤቴ ሄጄ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩና በአሻጋሪዎቹ መንገድ ለአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ላክሁ።

ዓርብ ዕለት በሬዲዮ ተነበበች። መቶ አርባ እናቶች ተጠርተው እንደገና ሲመረመሩ ዐሥራ አንዱ የጉበት ቫይረስ ተገኘባቸው፤ ሳይመሽባቸው ሕክምና ጀመሩ። ይህን የሰማ ባለሥልጣን ሁሉ ምን ብሎ የጠየቀ ይመስላችኋል? «ያልተመረመረ ደም ማን ሰጠ?» ያለ አንድ እንኳ አልነበረም። «ማን አወራ?» ነበር ጥያቄው። ከስብሰባ አዳራሽ እስከ ፖሊስ ጣቢያ፣ ማን አወራ! እነዚያ ዐሥራ አንድ ሴቶች ደም ሥራቸው ውስጥ የገባውን ነገር ለማን ይክሰሱ? እሱን የሚሰማ ጆሮ አልተገኘም።

ደብዳቤዋ ከናሁሠናይ አድራሻ ስለወጣች፣ የመዝገቡ ሳምንት ሳያልቅ ወደ እሱ ሄዱ። ለመፈለግም አልደከሙም። የመጨረሻ አሻጋሪ የሆነ ሰው ስሙንና ስልኩን ጽፎ፣ «እኔ አሻጋሪ ነኝ፤ በዚህ የሚያልፈው የእኔ አይደለም» የሚል ማስታወቂያ በገጹ ላይ ያስቀምጣል። ልማዳቸው ነው።

«ይሄ ማስታወቂያ ያንተ ነው?» አለው መርማሪው።

«የኔ ነው።»

«ስምህንና ስልክህን ጽፈህ ነው ወንጀል የምትሠራው?»

«ወንጀል ብሠራ ስሜን እጽፍ ነበር?»

«እሱን እኮ ነው የምጠይቅህ!»

አሰሩት። ኮምፒውተሩን ከፍተው ደብዳቤዋ ከሽመክት ቤት እንደመጣች አዩ። የሽመክትን ቢከፍቱ ከአጸደ ቤት መጥታለች። የቀረው የአጸደ መዝገብ ብቻ ነበር። በእሱ ላይ አንዲት መስመር፣ በመስመሯ ላይ የእኔ ቤት አድራሻ አለ። ያች መስመር ከተገኘች ናሁሠናይ ይወጣል፣ እኔ እገባለሁ። ካልተገኘች እሱ እዚያው ይቀራል።

አሁን ሦስቱ ያደረጉትን ስሙ።

አጸደ የወንድሟን መታሰር ከሚስቱ በስልክ ሰማች። እናታቸው ስትሞት ናሁሠናይ የሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስልኩን ዘጋች፣ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፣ መዝገቡን ሳትከፍት አጠፋችው። ፖሊሶች በማግስቱ ሲደርሱ ያገኙት ባዶ ነበር። ሽመክት ደወለላት።

«አጠፋሽው? ሳታይው?»

«ካየሁት በኋላማ ማጥፋት አልችልም። የታሰረው እኮ ናሁ ነው።»

ሽመክት ሌሊቱን ሲያስብ አደረ። አንዲት መስመር ጽፎ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤዋ በሦስቱም እጅ እንደማታልፍ ያውቃል። ማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወንድሙ የታሰረበት ጣቢያ ገባና፣ «የላክሁት እኔ ነኝ፤ ልቀቁት» አለ። ደብዳቤዋ በእሱ ቤት ማለፏ ስለሚታወቅ ግማሽ በግማሽ አመኑት፤ እሱንም አሰሩት። በሦስተኛው ቀን መርማሪው ደብዳቤዋን ይዞ መጣ።

«መምህር፣ ይሄንን የጻፍከው አንተ ነህ አይደል?»

«ነኝ።»

«ደም ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ለምን ለምን በሽታ ይመረመራል?»

«ለ… ለደም ግፊት።»

«ወደቅህ መምህር!» አለ መርማሪው፤ በሩ ላይ የነበሩት ፖሊሶችም ሳቁ። ናሁሠናይን አምጥተው አገናኟቸው።

«ይሄ ሰው ላክሁ ይላል። እውነቱን ነው?»

«እሱ?» አለ ናሁሠናይ። «ዶሮ ሲታረድ ካየ ራሱን የሚስት ሰው ነው እኮ! ደም የሚለውን ቃል ለመጻፍም እጁ ይንቀጠቀጣል።»

«አንተ ልጅ፣ ዝም በል!»

«አንተ ዝም በል! ባትዋሽ ምናለበት?»

ሽመክትን ለቀቁት፤ ፍትሕን በማሳሳት ግን ከሰሱት። ትምህርት ቤቱም «ለተማሪ አርአያ መሆን የማይችል» ብሎ አባረረው። ሐሰተኛ ማኅተም ሲያስመታ የኖረው አስተዳዳሪ ቢሮው እያለ፣ ለወንድሙ ብሎ የዋሸ መምህር አርአያ አይሆንም ተባለ!

ናሁሠናይ ፊት አንድ ወረቀት አኖሩ። «ደብዳቤውን የላከችው ሲስተር እልፍነሽ ናት» ይላል። እልፍነሽ አስተዳዳሪው ሊያባርራት ሰበብ ሲፈልግባት የቆየ አዋላጅ ናት።

«ፈርም፤ ምሳህን ቤትህ ትበላለህ።»

«አላውቃትም።»

«እንድታውቃት ማን ጠየቀህ? ፈርም ነው የተባልከው።»

«የማላውቀውን ማሻገር ነው ሥራዬ። የማላውቀውን መክሰስ አይደለም።»

«ላኪውን ደብቋል» ተብሎ ተፈረደበት። ማን እንደሆነ የማያውቀውን ሰው ደብቋል ተብሎ! ዓመት ከአራት ወር ታሰረ። ሴት ልጁ እሱ እስር ቤት ሳለ ተወለደች። ሲወጣ በእናቷ ቀሚስ ውስጥ ተሸሽጋ «ሂድ!» አለችው።

እኔስ የት ነበርኩ? ክሱ ሲሰማ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አንድ እሑድ ደግሞ ምሳ ቋጥሬ እስር ቤቱ በር ላይ ተሰለፍኩ።

«ለማን ነው?» አለኝ ጠባቂው።

«ለናሁሠናይ።»

«ምኑ ነሽ? እህቱ?»

«አይደለሁም።»

«ሚስቱ?»

ፊቴ ጋለ። ከኋላዬ ያለች ሴት፣ «ኧረ ተዋት፤ ስታፍር አታያትም? ውሽማው ናት!» ብላ ሰልፈኛውን አሳቀችው። ምሳውን ለእሷ ሰጥቻት ሄድኩ። ምኑ እንደሆንኩ ለመናገር ስሜን መናገር ነበረብኝ፤ ስሜን ከተናገርኩ በዚያ በር እገባለሁ። ተመልሼ አልሄድኩም።

አስተዳዳሪው በዚያው ዓመት ወደ ትልቅ ሆስፒታል በዕድገት ተዛወረ። ሽኝት አደረጉለት፣ ካባ አለበሱት። ከአጨብጫቢዎቹ መሀል ነበርኩ። እጄን ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ሲጋጭ ድምፅ እንዳልነበረው ይመሰክርልኝ ነበር፤ ግን ይህም ለማንም የማይጠቅም ጀግንነት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ለሁለተኛ ዲግሪ የገባሁበት ኮሌጅ አጸደ የምትሠራበት ሆነ። እየፈራሁ ቀረብኳት፤ እሷ ሳትፈራ ወደደችኝ። ይህን ሁሉ በዝርዝር የነገረችኝ እሷ ናት፤ ለማን እንደምትነግር ግን አላወቀችም። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ሁለቱን ወንድሞቿን ምሳ ጠራች፤ እኔንም ጠራችኝ። ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደ ላኪው መጣ።

«ያ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ አንዲት ቃል ቢሰጥልኝ ፍርዱ ይነሣልኛል» አለ ናሁሠናይ። «ዛሬም የንግድ ፈቃድ ልጠይቅ ስሄድ ‹የተፈረደበት› ይሉኛል። ፈርቶ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት አልተቀየምኩትም። ሰባት ዓመት ግን ፍርሃት አይደለም፤ ልማድ ነው።»

«እኔስ?» አለ ሽመክት። «ያንን ሰው ሆኜ ሦስት ቀን ታስሬያለሁ፤ በእሱ ስም ሥራዬን አጥቻለሁ። ማን እንደነበርኩ የማወቅ መብት የለኝም?»

«ደም ግፊት ነበርክ» አለው ናሁሠናይ።

ተሳሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። አጸደ ግን አልሳቀችም።

«እኔ እንዳላውቀው ብዬ ወንድሜን አሳልፌ ሰጥቻለሁ» አለች። «አሁን መጥቶ እኔ ነኝ ቢለኝ፣ ናሁን ያሳሰርኩት በከንቱ ነው ማለት ነው። አይምጣብኝ። ከሰውም አፍ አልስማው።»

«የታሰርኩት እኮ እኔ ነኝ፣ እታለም!» አለ ናሁሠናይ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ልወቅ አልወቅ የምለው እኔ አይደለሁም?»

«ያሳደግሁህ እኔ ነኝ! መክፈሌን ማየት አቅቶህ ነው?»

ሽመክት ሁለቱንም እያየ፣ «እኔን መቼም የሚጠይቀኝ የለም» አለና እንጀራውን ወደ ጎን ገፋው። አጸደ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? የተማርሽ ነሽ፤ ከመካከላችንም አይደለሽም። ፍረጂን።»

ሦስቱም አዩኝ። ትሪውን እያየሁ «እኔ እንጃ» አልኩ።

እስከ ዛሬ እኔ እንጃ። አንድ ነገር ግን ቆርጫለሁ፤ ከእንግዲህ ዝም አልልም። በሐሰት ማኅተም ያስመቱትን ካባ ያለበሰ አገር፣ እነዚህን ሦስቱን እርስ በርስ ሲያካስስ እያየሁ አፌን ይዤ አልቀመጥም። ስሜን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው መስጠት የምችለው። መጀመሪያ የሰማው ሰው የፈለገውን ያደርግበታል። ለናሁሠናይ ብሰጠው ፍርድ ቤት ይወስደዋል፤ ፍርዱ ይነሣለታል፣ አጸደ ግን ከፍላ የገዛችውን አለማወቅ በአደባባይ ታጣለች። ለአጸደ ስል ልቅበረው ብል ናሁሠናይ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የተፈረደበት ሆኖ ይኖራል። ለሽመክት ብሰጠው ለወንድሙ ይንገር ወይስ ለእህቱ ይደብቅ የሚለውን ሸክም አሸክመዋለሁ፤ እሱ ግን በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ እሱንም የጠየቀው ሰው አገኘ ማለት ነው። ለሦስቱም በአንድ ላይ ንገሪ የምትሉ ካላችሁ፣ አልሰማም ያለችውን ሴት ጆሮዋን ይዤ እንዳሰማት ነው የምትፈርዱት።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዷ በእጇ የነበረውን ስሜን ሳታነብ አጠፋችው። አንዱ ያልሆነውን እኔን ሆኖ ተዋረደ። አንዱ ለማያውቃት ሴት ሲል የማያውቃትን ሴት አልከስም ብሎ ታሰረ። ከሦስቱ ስሜ የሚገባው ለማን ነው?