ኧረ እርስዎ ይቅደሙ

እንስሳት እንደ ሰው በሚከባበሩበት ዘመን፣ አንድ ቀን ድንገት በረዶ ወረደ። በሬና በቅሎ ወደ ዋሻ ሮጡ፤ ጃርትም ከኋላቸው ደረሰ። በሬ ግን ደጃፉ ላይ ቆመና፣ «እትዬ በቅሎ፣ ይቅደሙ» አለ።

«ኧረ በፍጹም! ጋሼ በሬ እያሉ?»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙትልዎ፣ አልቀድምም!»

በረዶው የጃርትን አናት ይቀጠቅጠዋል። «እባካችሁ፣ አንዳችሁ ግቡ!» ብሎ ለመነ።

«ትልልቆች ሲነጋገሩ ጣልቃ ይገባል?» ብለው ሁለቱም ተቆጡት።

የጃርት ትዕግሥት አለቀ፤ እሾሁን አቁሞ ሁለቱንም ከኋላ ወጋቸው። እኩል ዘለሉና በሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀረቀሩ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ገፋሁዎ» አለ በሬ እያቃሰተ። «በሉ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይውጡ።»

«ኧረ እርስዎ!»

ጃርት ፊቱን አዞረና፣ በረዶ እየወረደበት የራሱን ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።