ፈረስ ፈሪው ቢያድግልኝ

በሉ ቀረብ በሉ፤ ጉሮሮዬ እንደ ድሮው አይደለም፣ አልጮህላችሁም። ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ የአባቶቻችሁን ዘመን እንዳይመስላችሁ፤ የእኛም አያቶች «ድሮ» እያሉ ያወሩት ጊዜ ነው። እንግጫ ሜዳ በምትባል ደጋ መንደር ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነበር። የግራዝማች ውብነህን የፈረስ ጋጣ የሚጠርግ፣ ፋንድያ የሚዝቅ ሰው ነው። ርስት የለው፣ ሚስት የለው።

ይህ ሰው ፈረስ ይፈራ ነበር። በልጅነቱ አንዱ ረግጦት ጎድኑን ሰብሮታል፤ ከዚያ ወዲህ ኮቴ ሲሰማ ግድግዳ ይጠጋል። ጉድ እኮ ነው! ፈረስ የሚፈራ ሰው በፈረስ ጋጣ! የእንግጫ ሜዳ ወንድ ደግሞ ሁሉም ፈረሰኛ ነው፤ ሳቁበት። እሱ ግን አይቀየምም፤ «እውነታችሁን ነው፣ እፈራለሁ» ይላቸዋል።

አንድ ዓመት የግራዝማች ባዝራ ወልዳ ሞተች። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ውርንጭላ ተረፈ፤ ቦራ አሉት። ቢያድግልኝ ውርንጭላውን አልፈራውም። ምኑ ይፈራል፣ ገና መቆም ያቃተው! የላም ወተት በጣቱ እያጠባ አሳደገው፤ ልጅ ያልወለደ ሰው ነውና «ልጄ» አለው። ችግሩ፣ ቦራ አደገ። ቦራ ሲያድግ የቢያድግልኝ ፍርሃትም ተመልሶ መጣ። ይወደዋል፤ ይፈራዋል። ይኸው ነው።

ቦራ ሦስት ዓመት ሲሞላው መገራት ነበረበት። የመንደሩ ፈረስ ገሪ ደምመላሽ የሚባል ኃይለኛ ሰው ነው። በገመድ ጠፍሮ ልጓም ሊያስገባ ሲል፣ ቦራ እጁን ነክሶ አጥር ጥሶ ጠፋ። ይዘው መለሱት፤ ሁለተኛም ሞከረ፤ ሁለተኛም ጠፋ። ግራዝማች ተቆጡ።

«ለጥምቀት ሰው ካልተቀመጠበት ገደል አፋፍ ወስዳችሁ ለጅብ እሰሩልኝ። የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» አሉ።

ግራዝማች የማሉትን አያጥፉም። ቢያድግልኝ ይህን ሲሰማ እህል አልዋጥልህ አለው። በማግስቱ ነጠላውን አደግድጎ ፊታቸው ቆመ።

«ጌታዬ፣ ልጓሙን እኔ ልሞክር።»

«አንተ?» አሉና ሳቁ። «ሞክር እስቲ። ጣትህን ቢበላህ ግን እኔን እንዳትከስ!»

ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ሜዳው በውርጭ ነጭቷል። ቢያድግልኝ ልጓሙን ይዞ ቦራ ፊት ቆመ። ሊያስገባው አልደፈረም። ምን ይሻላል ብሎ ብረቱን ራሱ ጎረሰው። ውይ! ብረቱ ምላሱ ላይ ተጣበቀ፣ ጥርሱን እስከ ሥሩ አንዘፈዘፈው። «ለካ ይሄ ነው!» አለ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ልጓሙን ብብቱ ውስጥ ያሞቃል፤ በጨው ያሸዋል፤ ለቦራ ያስልሰዋል። በአምስተኛው ቀን ቦራ አፉን ራሱ ከፈተ።

ቀጥሎ ኮርቻ መጣ። ቦራ እርካቡ ሲንቃጨል በሰማ ቁጥር ይበረግጋል። ቢያድግልኝም አብሮ ይበረግጋል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ኮርቻውን ራሱ ተጫነው! እርካቡን ግራና ቀኝ እያንቃጨለ፣ ጎብጦ፣ ቦራ እያየው ሜዳውን ሲዞር ዋለ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ቢያድግልኝ፣ ማን ነው ሚጋልብህ?» አሉት። «እስካሁን ማንም አልደፈረኝም» አላቸው። መጀመሪያ ቦራ ከሩቅ አየው። ቀጥሎ ተጠጋ። ቀጥሎ አሸተተው። በሰባተኛው ቀን ኮርቻው ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ተሸጋገረ፤ ቦራ ጆሮውን ከማርገብገብ በቀር ምንም አላለ።

ቀረ መቀመጡ። ይህን ቢያድግልኝ አልቻለም። ማሰቡ ብቻ የተሰበረ ጎድኑን ያመዋል። ቀኑም ደረሰ፤ የከተራ ዕለት ጠዋት ሕዝቡ ሜዳው ላይ ወጣ።

ደምመላሽ «ዘራፍ!» ብሎ ፎከረና ዘሎ ተቀመጠ። ቦራ ወረወረው። ተነሣ፣ ፎከረ፣ ተቀመጠ። ወረወረው። ሦስተኛ ተቀመጠ፤ ሦስተኛ ወረወረው፣ ክንዱም ተሰበረ። ግራዝማች ፊታቸውን አዞሩ።

«ውሰዱት» አሉ።

ሁለት አሽከሮች ገመድ ይዘው ቀረቡ። ያን ጊዜ ቢያድግልኝ አላስችል አለው። «ጌታዬ፣ በማርያም!» ብሎ እየሮጠ መሃል ገባ። ሕዝቡ ሊስቅ ነበር፤ ግን ፊቱን አይቶ ተወ። ሰውየው አመድ መስሏል። የቦራም ጎን ይንቀጠቀጣል። ቢያድግልኝ ጋማውን ያዘ፣ አፉን ጆሮው ሥር አደረገ፤ እንዲህም አለው፦

«ልጄ፣ እኔም ፈርቻለሁ።»

ዓይኑን ጨፍኖ ጀርባው ላይ ወጣ። ቦራ ቆመ። ቦራ አንድ እርምጃ ሄደ። ደግሞ አንድ። ሳይጋልብ፣ ሳይዘል፣ ቀስ እያለ ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞረና ግራዝማች ፊት መጥቶ ቆመ። ቢያድግልኝ ወርዶ የፈረሱን አንገት አቅፎ አለቀሰ። ግራዝማችም ገመዱን ከአሽከሮቹ እጅ ተቀብለው ወረወሩት።

ደምመላሽ የተሰበረ ክንዱን እንደያዘ ጠጋ ብሎ «ምን ብለህ ነው ያሳመንከው?» አለው።

«እውነቱን ነዋ፤ እኔም ፈርቻለሁ አልኩት።»

በዓመቱ ደምመላሽ ክንዱ ድኖ ሌላ ፈረስ ሊገራ ሜዳው ላይ ቆመ። ይፎክራል ብለው ሲጠብቁት አልፎከረም። ላብ በላብ ሆነ። በኋላ ጆሮው ሥር ጠጋ ብሎ፣ ሚስቱም ልጆቹም እየሰሙት፣ «እኔም ፈርቻለሁ» አለው ለፈረሱ። የሳቀ አልነበረም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር አዲስ ፈረስ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጥ ሰው፣ የፈለገ ጀግና ይሁን፣ አይፎክርም። ጥምጥሙን ከራሱ ላይ ያወልቃል፣ በፈረሱ ጆሮ ያንን ቃል ይናገራል። ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው። የሳቀ ካለ ያን ቀን ጋጣ ይጠርጋል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ያን ቃል የሚሉት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሚስቶቻቸውም ለመስማት ሥራቸውን ትተው ይወጣሉ።