ዳኛ በሌለበት የቆመ እግር

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጸጋ። አትቁነጥነጥ ይበልጣል፣ ጥያቄህን አልረሳሁትም። «አጎቴ፣ መንግሥት የሚጸናው በሚያስፈራ ገዢ ነው ወይስ በመልካም ገዢ?» ነው ያልኸኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ሁለት መጽሐፍ አነበብህና ሁለቱ ተጣልተውብህ መጣህ። ሰኞ ደግሞ የወረዳ ሹም ሆነህ ወንበር ላይ ልትቀመጥ ነው። መጻሕፍቱን ላስታርቅልህ አልችልም፤ የሰውየውን ነገር ግን ልንገርህ።

ይህ ባለጸጋ የአንድ ገበሬ በሬ «አዝመራዬን በላብኝ» ብሎ ነድቶ ወሰደ። ገበሬው ያለው ያ አንድ በሬ ነው፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ያርስበታል። ክረምቱ ደርሷል፤ ካላረሰ ልጆቹ የሚበሉት የለም። አንድ ቀን ባለጸጋው በበቅሎ ተቀምጦ፣ ጠመንጃ የያዘ አሽከሩን አስከትሎ ሲሄድ ገበሬው ከመንገድ ዳር ብቅ አለና «በሕግ አምላክ!» አለው። ባለጸጋው ቆመ። ያን ጊዜ እንዲህ የተባለ ሰው ይቆም ነበር። ከበቅሎዋ ወረደ፤ እንደ ወጉም የእሱ ኩታና የገበሬው ጋቢ ጫፍ ለጫፍ ተቋጠሩ። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። አሽከሩ በቅሎዋን እየሳበ ተከተላቸው።

እየሄዱ ሳለ ባለጸጋው ቋጠሮውን ደጋግሞ ያየው ጀመር።

«ስማ» አለው ገበሬውን፣ «ይህ እኮ ጨርቅ ነው። አንዴ ብስበው ይቀደዳል። አሽከሬ ጠመንጃ ይዟል፤ አንተ ዱላ እንኳ የለህም። ታዲያ ጥዬህ የማልሄደው ለምንድን ነው?»

«እኔም አላውቀውም ጌታዬ» አለ ገበሬው። «ብቻ ጋቢው የሠርጌ ነውና ባይስቡት ደስ ይለኛል።»

ባለጸጋው ሳቀ። ጥያቄው ግን እንዳንተው ጥያቄ አልለቅ አለው።

ዳገቱን እንደ ወጡ አንድ መንገደኛ አገኛቸውና «ምን ልትሠሩ ትደክማላችሁ? አገረ ገዢው ሞቷል፤ ዳኛውም ሸሽቷል፤ ችሎቱ ባዶ ነው» አላቸው። ባለጸጋው ጥቂት አሰበ። ከዚያ ጎንበስ አለና ቋጠሮውን ፈታው።

«በሬዬስ?» አለ ገበሬው።

«ዳኛ የለም ሲባል አልሰማህም?» ብሎት በቅሎዋ ላይ ወጣና ወደ ቤቱ ተመለሰ። ገበሬውም ሌላ መሄጃ ስለሌለው አንገቱን ደፍቶ ከሩቅ ተከተለ።

ይህን ሁሉ አሽከሩ ሰምቷል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ጠመንጃውን አዞረና «ይውረዱ» አለ ጌታውን። «ዳኛ የለም ብለዋል።» ባለጸጋው ወረደ፤ አሽከሩም በቅሎዋን ይዞ ጋለበ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይባል የለ? የዚህ ሰውዬ ያለ ፍርድ የሄደችው በቅሎዋ ራሷ ናት። ባለው ድምፅ ሁሉ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ጮኸ። አሽከሩ ዞሮ እንኳ አላየውም።

ባለጸጋው ዞር ሲል ገበሬው ከኋላው፣ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ እንዳሳረፈ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አንተን አይደለም እኮ» አለው ባለጸጋው።

«ሲሉ ሰማሁ፤ ቆምኩ» አለ ገበሬው።

በሬውን የተቀማው እሱ፣ የቆመውም እሱ! እኔ ይህን ባስታወስሁ ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። ባለጸጋው ያን እግር ብዙ አየው። ከዚያ የኩታውን ጫፍ ዘረጋለትና «ቋጥረው፤ ዳኛ እንፈልጋለን» አለ።

«የፈቱት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይቋጥሩት።»

ባለጸጋው በገዛ እጁ ቋጠረ። ያን ጊዜ መንገደኛም ይዳኝ ነበርና ዋርካ ሥር ተቀምጠው በዚያ ያለፈችውን የመጀመሪያዋን መንገደኛ ዳኝነት ለመኗት፤ ሸክላ የተሸከመች ሴት ነበረች። ሸክሟን አወረደች፤ ሁለቱንም አዳመጠች። በሬው ሲበላ ያየ ሰው አለመኖሩን ስትሰማ «በል መልስለት» አለች ባለጸጋውን፤ ሸክሟን አንሥታ ገበያዋ ሄደች። በሬው ያን ቀን ቤቱ ገባ።

አየህ ይበልጣል፣ አንዱ መጽሐፍህ የጻፈው ስለ አሽከሩ ጠመንጃ ነው። እውነቱን ነው፤ ጠመንጃ ሰውን ከበቅሎ ያወርዳል። ሌላው ስለ ዳኛው ደግነት ጽፏል። ደግ ዳኛ ማን ይጠላል? ይሞታል፣ ይሸሻል እንጂ። ስለዚያ ገበሬ እግር የጻፈ ካለ ግን አምጣልኝ፣ ዓይኔ ቢደክምም አነበዋለሁ። መንግሥት ማለት ያ ቋጠሮ ነው። ደካማው አይፈታውም፣ አቅም የለውምና፤ የሚፈታው እንደ ባለጸጋው ያለ፣ ወይም እንደ አንተ ያለ ሹም ነው። ሲፈታውም አሽከሬ አልሰማኝም ብሎ ያስባል።

ሰኞ ስትቀመጥ ስለ ሕዝቡ ብዙ ይነግሩሃል፤ ይፈራል አይፈራም፣ ይወድሃል አይወድህም እያሉ። አንተ ግን አንድ የተበደለ ሰው በርህ ላይ መጥቶ «በሕግ አምላክ!» ያለህ ቀን የራስህን እግር ተመልከት። ከቆመ፣ በወረዳህ መንግሥት አለ።