ከጸደቀ በኋላ የተጠራ ምክክር

አቶ ምንዳዬ የሚባሉ ሹም የከተማውን ሕዝብ አዳራሽ ሰብስበው፣ በኢንተርኔት ሹም የነቀፈ ሰው መስመሩ እንዲቆረጥ የሚያዝ ደንብ አነበቡ። ሲጨርሱም፣ «ደንቡ ትናንት ጸድቋል፤ አሁን በነፃነት ምከሩበት» አሉ።

ሰዉ ተጨነቀ። ቢናገር «ሕዝቡ ተሳትፏል» ሊባል ነው፤ ዝም ቢል ደግሞ «ተስማምቷል»።

ሹሙ ከፊት ተቀምጣ ፈገግ የምትል አንዲት ልብስ ሰፊ አዩና፣ «አንቺ፣ ተናገሪ እንጂ! ነገ አልተጠየቅንም ብላችሁ እንዳታሙን» አሏት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ጌታዬ፣ ይህን ደንብ አርግዘው ሳሉ ቢጠሩን ኖሮ እንመክርዎት ነበር። አሁንማ በሰላም ተገላግለዋል፤ እንኳን ማርያም ማረችዎት!»

የአዳራሹ ሴቶች የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት ሳይጠይቁ እልልታውን አቀለጡት።