በሽታውን ከበር የሚመልስ ሰው

በአንዲት ከተማ ወረርሽኝ ገብቶ ገበያው ሲዘጋ፣ ለአንድ ሰፈር ሰው የቀረው ወንዝ ዳር ያለው የጋራ አትክልት ቦታ ብቻ ነበር። አርባ ቤተሰብ ጎመኑንም ድንቹንም የሚያገኘው ከዚያ ነው።

አንድ ቀን የሰፈሩ ሹም አቶ አጥናፉ፣ ሁለት ዘበኞች አስከትለው፣ ትልቅ ጓጉንቸር ይዘው ወደ አትክልቱ ቦታ በር መጡ።

«ሰው ባለበት በሽታ አለ። ይህ በር ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል!» አሉ።

ሰዉ፣ «አፋችንን ሸፍነን፣ ተራርቀን ነው የምንሠራው፤ ከተዘጋ ልጆቻችን ምን ይብሉ?» ብሎ ቢለምናቸው አልሰሙም። ይልቁንም ሽንኩርት ወደምትኮተኩት አንዲት ምላሰኛ ሴት ጣታቸውን ቀሰሩ።

«አንቺ! መልስ አታጪም ይሉሻል። በሽታውን ከዚህ በር የሚመልስ አንድ ሰው ከጠራሽልኝ ክፍት እተወዋለሁ። ካጣሽ እቆልፋለሁ» አሏት።

ሴትዮዋ መኮትኮቻዋን አስቀምጣ እጅ ነሳች።

«አለ እንጂ ጌታዬ! እርስዎ ነዎት። ወንበርዎን እዚህ በር ላይ እናውጣልዎት። እኔ ለአንዲት ማኅተም ሁለት ዓመት ተመላልሼ እስከ ዛሬ ቢሮዎ አልገባሁም። በሽታው ሲመጣም እንደ እኔው ‹ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ነገ ተመለስ› ይበሉት። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ አገር ይለቃል!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ አንዱማ ጎመኑ ላይ ተንከባለለ። ዘበኞቹም ፊታቸውን አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አቶ አጥናፉ ሊቆጡ አፋቸውን ቢከፍቱ፣ የወጣው ሳቅ ሆነ። ቃላቸውን በሰው ፊት ሰጥተዋልና በሩን ክፍት ትተው ሄዱ።