ማንም ያልሞተበት ለቅሶ

አንድ ቀን ባለቤቴ አስናቀ «ነገ ግቢያችን ውስጥ ለቅሶ እቀርጻለሁ» አለኝ። አስናቀ ፊልም ሠሪ ነው። ደራሲውም እሱ፣ አዘጋጁም እሱ፣ ካሜራ የሚይዘውም እሱ። ከኋላው የቆመ ድርጅት የለም። የፊተኞቹ ሁለት ፊልሞቹ እዚሁ ደብረ ብርሃን አንድ አዳራሽ ውስጥ ታይተዋል፤ ካጨበጨበው ሰው ግማሹ ፊልሙ ላይ የሠራ ነበር።

«በገዛ ግቢህ ለቅሶ? ሟርት ነው እኮ አስናቀ! ልጅ አለን!»

«የሚለቀሰው ለአቶ ደምስ ነው። አቶ ደምስ ደግሞ እኔ የፈጠርኩት ሰው ነው፤ ወረቀት ላይ ያለ። ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

እኔ ግን አልቻልኩም። በነጋታው የዘጠኝ ወር ልጄን ጩኸቱን እንዳትሰማ ብዬ ሁለት ቤት አልፌ ጎረቤት አስቀመጥኳት።

አስናቀ የእድሩን ድንኳን ለጨዋታ አልነካም ብሎ ሰማያዊ ሸራ ወጠረ። የሰፈሩን ሰው አግዳሚ ላይ ደርድሮ «ካሜራው መስኮቱ ውስጥ ነው፤ ማንም እንዳያየው። እኔ ካት ሳልል ማንም ከለቅሶው እንዳይወጣ፣ ምን ቢመጣ!» አላቸው። እትዬ ፋናዬ ሙሾ ጀመሩ። እሳቸው ሲያለቅሱ ድንጋይም ያለቅሳል። እኔ ራሴ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ እንባዬ መጣ።

ታዲያ በዚያው ሰዓት ጋሽ ወንድይራድ ከመናኸሪያ እየመጡ ነበር። ጋሽ ወንድይራድ የእድራችን ዳኛ ናቸው። የማያውቁት ነገር የለም፤ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት እንኳ አገላብጠው አይተው «ይሄ ላንቺ አይሆንም» ይላሉ። ሦስት ሳምንት ደሴ ልጃቸው ጋ ሰንብተው መመለሳቸው ነው። ለቅሶ ሲሰሙ ማን ሞተ ብሎ በር ላይ መጠየቅ የለም፣ መቼም። ሻንጣቸውን በር ላይ ጥለው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ካሜራው እየቀረጸ ነው። አስናቀ ካት አላለም!

ትንሽ አልቅሰው ተቀመጡና አጠገባቸው ወዳለው ወደ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሽመክት ጠጋ ብለው «ማነው?» አሉት።

ሽመክት ከለቅሶው እንዳትወጣ ተብሏል፤ እንዴት ይውጣ? «አቶ ደምስ» አላቸው።

«ውይ! ደምስ!» ጋሽ ወንድይራድ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ባለፈው ሳምንት እኮ ታሞ ጠይቄዋለሁ! እጄን ጭብጥ አድርጎ ይዞ፣ ‹ወንድይራድ፣ አደራህን› ብሎኛል! ምን ያለ ሰው! እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ አይወለድም!»

ሽመክት ነጠላውን አፉ ውስጥ ከተተ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ላየው የሚያለቅስ ነው የሚመስለው።

«ካት!» አለ አስናቀ። በነሱ ቋንቋ አቁሙ ማለት ነው። እትዬ ፋናዬ እንባቸውን በአንዴ ጠርገው «እንዴት ነበር አስናቀ? ልድገመው?» አሉ።

ጋሽ ወንድይራድ ዞር ዞር ብለው አዩ። ካሜራውን አዩት። ተነሡ፣ ሻንጣቸውን አነሡና ወጡ።

እሑድ እድርተኛው ተጠራ። ደንባችን ላይ «የሐሰት ሞት ያወራ ከእድሩ ይሰረዛል» የሚል አለ። እኔ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛ ለዚህ አገር እንግዳ ነን፤ ዘመድ የለን፣ ያለን ይኸው እድር ነው። አንድ ነገር ቢመጣ ማን ይደርስልናል?

«እግራቸው ላይ ውደቅ» አልኩት መንገድ ላይ፣ ልጄን አዝዬ። «በልጅህ ሞት!»

«እሺ፣ እሺ፣ አንቺ ብቻ አትንቀጥቀጪ፤ ልጅቷን ታስነሻታለሽ» አለኝ።

ጋሽ ወንድይራድ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይሄ ሰው ያልሞተ ሰው ሞተ ብሎ ሰፈሩን አስለቅሷል። በሽማግሌ አላግጧል። በእንባ ቀልድ አለ? በሞት ውሸት አለ? በእድራችን ውስጥ ውሸታም አናስቀምጥም፤ ይሰረዝ!»

አንዳንዱ «ልክ ነው» አለ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ። አስናቀ ተነሣ፤ እግር ላይ ሊወድቅ ነው ስል እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ጥፋቴን አምናለሁ። እኔ ወረቀት ላይ የገደልኩት አንድ ሰው ነው፤ በሕይወት እያለ አይቼው አላውቅም። ያዩት፣ የጠየቁት፣ እጁን የያዙት እርስዎ ብቻ ነዎት። አደራ ያለዎት ምን እንደሆነ ለቤቱ ይንገሩልንና እኔን ይሰርዙኝ።»

መጀመሪያ ሽመክት በሳቅ ፈነዳ፤ ቀጥሎ እትዬ ፋናዬ፤ ቀጥሎ ጸሐፊው መዝገቡን አጥፎ ፊቱን ሸፈነበት።

ጋሽ ወንድይራድ ጣራውን አዩ፣ መሬቱን አዩና «ወደሚቀጥለው ጉዳይ እንለፍ» አሉ።

ስንወጣ ግን አስናቀን እጀታውን ጎተት አድርገው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ፤ «ስማ አንተ፣ እኔ ያለሁበትን ቦታ እንዳትቆርጠው። ደህና አድርጌ ነው ያለቀስኩት።»